«ዋጋ በኢንቦክስ» አትበሉ፤ ለጣና ዳር ልጆች

ልጆቼ፣ ጣና ላይ እንግዳ የምታስጎበኙ፣ እኔ እንግዳ በጀልባ ስወስድ ስመልስ ነው የሸበትኩት፤ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ስለዋልኩ ስልክ ላይ ነኝ፣ የምትለጥፉትን ሁሉ አያለሁ። ፎቶዎቻችሁ ያምራሉ፣ ድሮኑ ምናምኑ፣ ክብራን ደሴት ከላይ እንዲህ እንደሚታይ እኔ ስንት ዘመን ተመላልሼበት አላውቅም ነበር። ግን ከስር አንዱ «ጀልባው ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ምንድነው? «ኢንቦክስ»። ኧረ በማርያም! ሰውዬው ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ሂሳብ እየሰራ ነው እኮ፣ ኢንቦክስ ገብቶ ከሚከራከር ሐዋሳ ይሄዳል።

እኔም ንፁህ አይደለሁም። ገና ጀማሪ እያለሁ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸውና ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡና «ደሴት አሳየን» አሉኝ፤ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ብነግራቸው ይተዉታል ብዬ ፈራሁና ዝም ብዬ ወሰድኳቸው። ደርሰን ልጁ ብቻ ወጣ፣ እናትና ልጅ ጀልባው ላይ ፀሐይ እየመታቸው ተቀመጡ። ልጅቱ እኔን ሳታይ «እማዬ፣ ሳንነሳ ለምን አልነገረንም?» አለች። እሷ ስትጠይቅ እኮ እንጦስ ኢየሱስ የሚባለው ሌላው የደሴት ገዳም እፊት ለፊታችን ነው፣ እሱ ሴትም ይገባበታል፣ ልጁ እስኪመለስ እዚያ አድርሻቸው መምጣት እችል ነበር፣ ድንጋጤ ይሁን እልህ እንጃ አላሰብኩትም። ስንመለስ እናትየው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሙሉ ሂሳቤን ቆጥረው ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይነሳ ነው የምናገረው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ወንድ ብቻ፣ ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ሴትም ወንድም፣ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ያዙ፣ ስዕሉን በፍላሽ አታንሱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉን ያላየ ሐይቅ ነው ብሎ ይንቀዋል፣ ስለዚ በጠዋት ውጡ። ሰዓቱን ደግሞ ለፈረንጅ በሱ አቆጣጠር ንገሩት፤ «ሁለት ሰዓት» ብላችሁት ከምሳ በኋላ ቢመጣ ጥፋቱ የናንተ ነው።

ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ የምትለጥፉት ፎቶ ያሳስበኛል፤ የነሐሴውን ፏፏቴ በሚያዝያ ትለጥፉታላችሁ። በ2002 ዓ.ም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ስራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ ብዙ ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል፣ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፣ ይሄን የባህር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የማያውቀው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው እንግዳ ብቻ ነው። በክረምት ማብቂያ ኑ በሉት፤ በበጋ እመጣለሁ ካለ «ውሃው ቀጭን ነው፣ ግን የ17ኛውን ክፍለ ዘመን አላታ ድልድይ ተሻግረህ ታየዋለህ» በሉት፣ አውቆ ከመጣ አይናደድም።

ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለት ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግበው ደስ ብሎናል፣ ይገባዋልም፣ ግን እንግዳው ያን ሰምቶ ሲመጣ የሚጠይቃችሁ ያው የጀልባውን ሰዓት ነው።

ታሪክ ስትነግሩም አትጨምሩ፣ በቂ አለን እኮ! ጣና ቂርቆስ ላይ ታቦተ ጽዮን ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጣለች የሚለውን «እንዲህ ይታመናል» ብላችሁ ተናገሩ፣ ክብሩ አይቀንስም። ናርጋ ስትገቡ ደግሞ ዝም ብላችሁ እቴጌ ምንትዋብን አሳዩአቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሰሩት እሳቸው ናቸው፣ ስዕሉ ላይ ግን ከእመቤታችን እግር ስር ተደፍተው ነው ያሉት፤ እንግዳው ራሱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያኔ ማውራት አያስፈልግም። ታንኳም ሲያይ ፎቶ ብቻ አንስቶ እንዳይሄድ፤ ታንኳው የሚታሰርበት ደንገል፣ ያ የውሃ ዳር ተክል፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለታንኳው አውጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚያቆመው፣ በጥቂት ወር አርጅቶ አዲስ እንደሚታሰር ንገሩት። እኔ እንደውም ዕድሜ ልኬን ከጋይዶች ይልቅ ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ሲያስረዱ ነው የሚጥመኝ፣ እነሱን አስወሯቸው፣ ስታስወሯቸውም ከፈል አድርጉላቸው።

ባለፉት ዓመታት ኮሮናውም ጦርነቱም ተደራርቦ ጀልባዎቹ ታስረው የዋሉበትን ጊዜ አይታችኋል። መንገዱ እንዴት ነው ብሎ ለሚጠይቃችሁ የዕለቱን እውነት ንገሩት፣ ዛሬ አይሆንም ያላችሁት ሰው ነገ ይሆናል ስትሉት ያምናችኋል።

ብሮሸር የሚያሳትም ገንዘብ የለንም አትበሉኝ። አንድ የቴሌግራም ገፅ በአማርኛ ክፈቱ፣ የጀልባ ዋጋ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ የመግቢያውን ለብቻ፣ ሄዶ መመለሻ ሰዓቱን ጻፉበት፣ ሲለወጥ በዕለቱ ቀይሩት። ከደቅ ጀምሩ፣ ከከተማው ሩቅ ስለሆነ በከንቱ ተጉዞ የሚመለሰው እዚያ ነው። መጀመሪያ የናርጋን ቄሰ ገበዝ ጠይቋቸው፣ የእቃ ቤቱ ቁልፍ በገበያ ቀን ማን ጋ ነው የሚውለው?