ሞደርን አልጀብራ ለዘጠነኛ ክፍል አስተማሪ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የማስተማር ዲፕሎማ) ወስጄ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር እፈልጋለሁ። በዚህ ሴሚስተር ግን ሞደርን አልጀብራና ሪል አናሊሲስ አንድ ላይ መጥተው አሳሬን እያበሉኝ ነው። ግሩፕ፣ ሪንግ፣ ፊልድ… ፕሩፉን ሸምድጄ እገባለሁ፤ ፈተናው ሲያልቅ እሱም ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሪንግ ለማን ነው የማወራው? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለአስተማሪ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?
(ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያስፈልጋል። በሽምደዳ ከቀጠልሽ ግን ምንም አይጠቅምሽም። ላስረዳሽ።

ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ በፊት ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ገብተሽ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለሽ ትጽፊያለሽ፦

ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 0

ፋክተር ታደርጊዋለሽ፦ (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 0። ቀጥለሽ «ስለዚህ ኤክስ ወይ 2 ነው ወይ 3» ትያለሽ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ ከመጣ ለምንድን ነው የግድ አንዱ ዜሮ የሚሆነው?» እኔን ጠይቀውኛል። አንቺንም ይጠይቁሻል።

አሁን የሞደርን አልጀብራ ደብተርሽን ክፈቺ። ሪንግ፣ እንደምታውቂው፣ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚቻልበት ስብስብ ነው። ቁጥርን ለ6 አካፍለን ቀሪውን ብቻ የምንይዝበት ሪንግ አለ። ያሉት 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ብቻ ናቸው። እዚያ 2 በ3 ሲባዛ ዜሮ ነው፤ 6 ለ6 ሲካፈል ቀሪ የለውማ። ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ ብዜታቸው ዜሮ ሆነ። ያንኑ የዘጠነኛ ክፍል ኢኩዌሽን እዚህ ሪንግ ውስጥ ሥሪው። 2 እና 3 እንደ ድሮው ይሠራሉ። 0 አስገቢ፦ 6 ይመጣል፣ 6 ደግሞ እዚህ ዜሮ ነው። 5 አስገቢ፦ 25 ሲቀነስ 25 ሲደመር 6፣ አሁንም 6። አራት መልስ አገኘሽ! ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ከሁለት በላይ መልስ የለውም የምንለው ሪል ነምበር ላይ ስለምንሠራ ነው። እዚያ ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው መቼም ዜሮ አይሰጡም። «ኢንተግራል ዶሜይን» ብለሽ የሸመደድሽው ይህንን ነው። የልጁ ጥያቄ መልስም እሱ ነው።

ስለ ሪንግ ለልጁ አታወሪም። «አንዱ ዜሮ ካልሆነ ሁለቱንም ወገን ለእሱ ማካፈል እንችላለን፣ ያኔ ሌላው ዜሮ ይሆናል» ትይዋለሽ፣ በቃ። ነገር ግን ጥያቄው ከባድና ጥሩ ጥያቄ መሆኑን አውቀሽ ትመልሺለታለሽ። ይህን የማያውቅ አስተማሪ «ዝም ብለህ ሥራ» ይለዋል። ልጁም ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሌሎቹም ኮርሶች እንዲሁ ናቸው። የ9 ተካፋይነት ሕግ (የቁጥሩን አሃዞች ደምረሽ ማየት) ለምን እንደሚሠራ የሚነግርሽ ነምበር ቲዎሪ ነው። 0.999… በትክክል 1 መሆኑን ደግሞ ሪል አናሊሲስ። ልጆች በዚህ ሲከራከሩ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

ያንቺ ችግር አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፌሊክስ ክላይን በ1908 እ.ኤ.አ. ለአስተማሪዎች ባሳተመው ትምህርት ላይ አንስቶታል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚማረው ከሃይስኩሉ ጋር አይገናኝበትም። ተመርቆ ሲያስተምር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ከክፍሉ ጋር አይገናኝለትም። ስለዚህ ድሮ እሱ በተማረበት መንገድ ያስተምራል። መቶ ዓመት አልፎም ነገሩ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሒሳብ ማኅበራት ጉባኤ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሚሆን ሰው ከሒሳብ ዲግሪ ጋር የሚመጣጠን ትምህርት ይውሰድ፣ በውስጡም የሃይስኩልን ሒሳብ ከላይ ሆነው የሚያዩ ሦስት ኮርሶች ይኑሩበት ይላል። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ኮርስ ቢኖር እላለሁ። ፕሩፉን ሰሌዳ ላይ ሞልቶ መውጣት ለአስተማሪ ዕጩ አይበቃም።

እስከዚያው ግን ራስሽ አገናኚው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን መማሪያ መጻሕፍት ከአጠገብሽ አስቀምጪ። ቲዎረም በተማርሽ ቁጥር «ይህ ባይኖር ከሃይስኩሉ ሒሳብ የቱ ይፈርሳል?» ብለሽ ጠይቂ። የምታገኚውን በአንድ ደብተር ያዢ። ኢንስትራክተርሽንም ቢሮው ሄደሽ ጠይቂው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አብዛኞቻችን ደስ ይለናል። መልሱን ካጣሽው ደግሞ ለእኔ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ገልብጠን እናባዛለን። ለምን እንደሆነ ለልጆች እንዴት ላስረዳ?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በዘይት ጀምር። 3 ሊትር ዘይት አለን። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ስንት ይሞላል? ልጆቹ ሳይጽፉ «6!» ይሉሃል። አንዱ ሊትር ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፣ ስለዚህ በ2 አባዙ። አሁን ጠርሙሱን 3/4 ሊትር አድርገው። አንድ ሊትር አንድ ጠርሙስ ሞልቶ 1/4 ሊትር ይተርፋል። የተረፈው የጠርሙሱ ሢሶ ነው። ስለዚህ አንዱ ሊትር 4/3 ጠርሙስ ይሞላል፣ ሦስቱ ደግሞ 4 ጠርሙስ። የተገለበጠው ቁጥር «አንድ ሊትር ስንት ጠርሙስ ይሞላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሕጉን ከዚህ በኋላ ጻፍላቸው፣ ቀድመህ አትጻፍ።