አመክሮ ቀን በመቁጠር ብቻ አይገኝም

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ 6 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ነው። «4 ዓመት ሲሞላው በአመክሮ መውጣቱ አይቀርም» ይሉናል። እውነት ነው? ከቤተሰብስ ምን ይጠበቃል?

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ «አይቀርም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 አመክሮን፣ ማለትም ታራሚው ቅጣቱን ሳይጨርስ በቅድመ ሁኔታ መለቀቁን፣ የሚፈቅደው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም፣ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላ ነው። በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። ስለዚህ ለማረሚያ ቤቱ በተላከው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ላይ የተያዘበት ቀን በትክክል መጻፉን ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ቀኑ ከተሳሳተ ወራት ሊጎድሉበት ይችላሉ። እርማቱን ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት ይጠይቁ፤ የመፍቻው ጊዜ እስኪደርስ አይጠብቁ።

አመክሮውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ የሚቀርበው በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ሐሳብ ወይም በታራሚው አቤቱታ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ያያል፦ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን፣ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን፣ ሲወጣም በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ መታመኑን።

ቤተሰብ በቀላሉ የሚዘነጋው ካሳውን ነው። ይህ ድንጋጌ ተበዳዩ የሚታሰብበት ስለሆነ እኛ ከሁሉም አብልጠን እንመለከተዋለን። ካሳው በሽማግሌ ከተከፈለ የብሩ መጠንና ቀኑ ተጽፎ፣ ተበዳዩና ምስክሮች ይፈርሙበት። «ታርቀናል» የሚል ቃል ብቻውን አቤቱታውን ባዶ እጁን ያስቀርበዋል። ሙሉውን መክፈል ካልተቻለ የተከፈለበትን ደረሰኝና የአቅም ማነስ ማስረጃ አያይዙ፤ ሕጉ ከአቅም በላይ አይጠይቅም።

ጠባዩን በተመለከተ ግን እናንተ ከውጭ የምትጨምሩት ብዙ የለም። የዲሲፕሊን ጥፋትም ሆነ የተማረው ትምህርት ከማኅደሩ ይታያል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ብቻ የሚታይ ትጋትም ብዙ አያሳምንም።

ጥያቄ፦ ከአመክሮ ይልቅ ይቅርታ ብንጠይቅስ?

መልስ፦ መንገዱ ሌላ ነው። በፌዴራል ደረጃ የይቅርታ ጥያቄ በይቅርታ ቦርድ ተመርምሮ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ ፍርዱም የመጨረሻ መሆን አለበት። ይግባኙ ገና ካልተቋጨ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ማረሚያ ቤት ሆና ልብስ ስፌት ተምራለች፤ በቅርቡ በአመክሮ ትፈታለች። ሥራ እንድታገኝ ከአሁኑ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከመውጣቷ በፊት የሙያ ብቃት ምዘና መውሰድ ትችል እንደሆነ የማረሚያ ቤቱን የትምህርትና ሥልጠና ክፍል ጠይቁ። ቀጣሪ ከሥልጠና ምስክር ወረቀት ይልቅ በምዘና የተረጋገጠን ችሎታ ያምናል። የተለቀቀችበትን ደብዳቤ ዋናውን አስቀምጡና ኮፒውን ተጠቀሙ፤ ጊዜው ያለፈ መታወቂያ ካላትም ወዲያው ታሳድስ። ያለ መታወቂያ ባንክ ደብተር መክፈትም፣ ቤት መከራየትም ይከብዳታል።

ከተቻለ የስፌት መኪናውን ከመፈታቷ በፊት አዘጋጁ። እጇ ሥራ ሳይረሳ የሰፈር ልብስ በመጠገን ብትጀምር ቀጣሪ እስኪገኝ አትቀመጥም። ፍርድ ቤቱ ግዴታ ጥሎባት ከሆነ ደግሞ የውሳኔውን ግልባጭ ወስዳችሁ አብራችሁ አንብቡ። ግዴታውን ከጣሰች ወይም ከተፈታች በኋላ ጠባይዋ በሚታይበት የፈተና ጊዜ ሌላ ወንጀል ከፈጸመች አመክሮው ተሰርዞ ቀሪውን ቅጣት እንድትፈጽም ሊታዘዝ ይችላል።