ሙሻ ደሴት ላይ እራት? ሰዓቱን ሳትስማሚ ቀብድ እንዳትከፍይ

«እናቴ 60 ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ከድሬ ይዣት ሄጄ ጅቡቲ፣ ሙሻ ደሴት ላይ እራት ልጋብዛት አስቤያለሁ። ሬስቶራንቱና ጀልባው እንዴት ነው የሚያዘው? ስንትስ ይበቃል?» ላልሽው እህት ነው ይሄ።

ጥያቄሽን ሳነበው ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ልክ ይህንኑ አስቤ ነበር፣ ያውም ለእናቴ፣ ያውም ለ60ኛዋ። ስለ ፓስፖርትና ቪዛ ሌላ ሰው ይንገርሽ። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ወቅቱ። ከጥቅምት በፊት አታስቢው። በክረምት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ደግሞ አቧራውን ፊትሽ ላይ ይደፋዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጅቡቲዎቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው ወደ እኛ ሲመጡ ከዚራ ሰፈር ላይ ታዪያቸው የለ? ድሬን «ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ የሚመጣ ሰው ከምን እንደሸሸ አስቢው አቦ። እኔ የያዝኩት ምግብ ቤትም በበጋ ብቻ ነበር የሚሠራው።

ችግሩ በጋው ጾም በጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም አለ፣ የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ይገባል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። እናትሽ እንደ እናቴ ከሆነች «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ደሴቱ ላይ እንዲነሳ አትፈልጊም። ስለዚህ ጥቅምት፣ የኅዳር መጀመሪያ፣ ወይም ጥር። ጥምቀት እንዳለፈ ብትይዢው ይሻላል።

2. ቀኑ። እዚያ የእረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ እሁድ የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ደሴቱ ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ቤተሰቡ፣ ፈረንጁ፣ ወታደሩ ሁሉ እዚያ ነው። ባቡሩም በየቀኑ አይሄድም፤ መጀመሪያ እሱን አረጋግጪ፣ ከዚያ ነው ጠረጴዛ የሚያዘው። እኔ ገልብጬ ነው የሠራሁት፤ ጠረጴዛውን ይዤ ባቡሩን አጣሁና በደወሌ በኩል በመኪና ሄድን። ወንድሜ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

3. ሰዓቱ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ጀልባውንና ምግቡን አንድ ላይ የሚያዝ ቢሮ ነበር፣ በስልክ አገኘኋቸው። ሰውዬው አማርኛውን ልክ እንደኛ ነው የሚናገረው። ድሬ ኖሯል መሰለኝ፣ «አቦ» ሁሉ ይላል። አማርኛው ነው ያዘናጋኝ። «እራት ለአምስት ሰው፣ 12 ሰዓት ላይ» አልኩት። «ችግር የለም እህቴ፣ 12 ሰዓት» አለኝ። ቀብድ 40,000 ፍራንክ ላክሁ። የእነሱ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ሁሌም 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡ አያሳስትም። ወደ 225 ዶላር መሆኑ ነው። ያኔ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም።

በቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። «ሁለት ሰዓት ቀድመን መጣን» ብዬ ኩራቴ አይጣል ነበር። እናቴ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ከድሬ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ጀልባ የለም። ስልክ አይነሳም። እየጠየቅን ቢሮውን አገኘነው። የበርጫ ሰዓት ነው እንግዲህ። እዚያ ጫቱ ከገባ በኋላ አገር ፀጥ ነው የሚለው። ከእኛው አወዳይ የሄደው ጫት ፊቱ ተዘርግቷል፣ ሰውዬው ጋደም ብሏል፣ ቀና ብሎ እንኳን አላየንም።

«12 ሰዓት አላችሁ፣ 12 ሰዓት ጠበቅናችሁ። ጀልባው ሄደ፣ ምግቡ ተሠራ፣ አለቀ።»

«12 ማለት እኮ ሲመሽ ነው!»

«እዚህ ሲመሽ 18 ነው።»

ያ ሁሉ አማርኛ የት ገባ? በስልክ «እህቴ» ያለኝ ሰው ነው። ግማሹን መልስልኝ አልኩ፣ እንቢ። ለነገ አዙርልኝ አልኩ፣ «ነገ ሌላ ክፍያ ነው»። እናቴ በሩ ላይ ዳቦዋን ታቅፋ ቆማ «ተይው ልጄ፣ ሰውዬው ምርቃና ላይ ነው» ስትለኝ ነው እንባዬ የመጣው።

የባሰውን ልንገርሽ? በትክክል ብንስማማም አይሆንም ነበር። የቀን ደንበኛ ይዘው የሚሄዱት ጀልባዎች ሳይመሽ ነው የሚመለሱት። ማታ 12 ላይ ብትበዪ ማን ይመልስሻል? ደሴቱ ላይ እራት ማለት እዚያው ማደር ማለት ነው። ማደር ካልፈለግሽ ምሳ በዪና «እራት» ብለሽ ጥሪው። ይሄን በስልክ ማንም አይነግርሽም፣ ምክንያቱም አትጠይቂም። እኔም አልጠየቅሁም።

እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1840 ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን የገዟት በ10 ከረጢት ሩዝ ነው ይባላል። ደሴቷን በሙሉ! እኔ 40,000 ፍራንክ ከፍዬ አሸዋዋን አልረገጥኩም።

ያን ማታ ከተማ ውስጥ የየመን ዓሣ በላን። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬውን ቀብተው፣ የምድጃው ግድግዳ ላይ ይጋግሩታል፤ ዳሩ ጠቆር ብሎ፣ መሐሉ እየተፈረፈረ ይመጣል። እናቴ ድፎዋን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈታችና ለአስተናጋጁ ሳይቀር ቆርሳ ሰጠች። ሒሳቡ ከቀብዴ ሩቡም አይሆንም። ደስ ብሏት ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ግን እልህ ይዞኛል።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ደገምኩት። በሌላ ቢሮ ነው። ሁሉንም በጽሑፍ አደረግሁት፤ ቀኑን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን «18:00» ብዬ፣ መልሰው እንዲጽፉልኝ አድርጌ። ቀብድ ከሩብ በላይ አልከፈልኩም። «ነፋስ ሆኖ ጀልባው ባይወጣስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ቀኑን በነፃ እንደሚያዛውሩ ጻፉልኝ። ይሄን ሳይጽፉልሽ ምንም እንዳትልኪ።

4ኛው ነጥብ ላይ ነኝ መሰለኝ። ጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ጀልባው ይዘላል። ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ግን ባሕር አይታ ለማታውቅ ሴት (እናትሽም አታውቅም አይደል?) 15 ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። የእኔዋ እስኪደርስ ድረስ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል፣ ሎሚ ስታሸት ነበር። ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ነው፣ ሁለትም ሆናችሁ ስምንት ያው ነው። ስለዚህ አክስቶችሽን ጨምሪ፣ ለሰው ሲካፈል ይቀላል። «ስንት ይበቃል» ላልሽው መልሴ ይኸው ነው፤ ጀልባ፣ አዳርና ምግብ ያለበትን አንድ ዋጋ ጠይቂ። ውኃውም በረዶውም ከከተማ በጀልባ ነው የሚመጣው፣ ለየብቻ ካስከፈሉሽ አለቀልሽ።

ምግቡንም ቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔን ለማክበር ብለው ሎብስተር አቀረቡ። እናቴ አየችው፣ አማተበች። «ጊንጥ ነው እንዴ?» ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር አትበላም፣ እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ። ወንድሜ የእሷንም የራሱንም ጨረሰ። ለእሷ ዓሣ እስኪጠበስ አንድ ሰዓት ጠበቅን።

ግን ያን ማታ አሸዋው ላይ ተቀምጠን፣ ትንንሽ ሸርጣኖች እግራችን ሥር እየሮጡ፣ ማዶ የወደቡ መብራት ይታያል። እናቴ «ድሬ በየት በኩል ናት?» አለችኝ። በግምት አሳየኋት። ወደዚያ ዞራ ነጠላዋን አስተካከለችና ብዙ ሰዓት ዝም አለች።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ ጫማ። ደሴቱ ኮራል ነው፣ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ከገባሽ ይቆርጥሻል። ለእናቴ የገዛሁላት የውኃ ጫማ 38 ቁጥር ነው፣ አንድ ቀን ነው የተደረገው። ለእናትሽ ከሆናት እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂው።