በር ቆልፋችሁ አታስተዉት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አደረ፤ ለዚህ ነው በጠዋት የምጽፍልሽ። «የ16 ዓመት ልጄ ጫት ቅሞ፣ አረቄ ጠጥቶ ይመጣል። ኪሱ ውስጥ ክኒን አገኘሁ። አባቱ ቤት ቆልፈንበት ይተው፣ ካልሆነም ጸበል እንውሰደው ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ የሚታከምበት አለ ወይ? ሐኪም ቤት ብወስደው ስሙ እንዳይጠፋ፣ እንዳይታሰርብኝም ፈራሁ» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ በዚሁ መንገድ ያለፈ እህት ነኝ፤ የምነግርሽም ያየሁትንና ከሐኪሞቹ አፍ የሰማሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዥልኝ። ልጁ በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ በር ቆልፋችሁ ባንዴ አታስቁሙት። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፣ ልጁን ልናጣው ነበር።

ወንድሜ የጀመረው ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በተዘጉበት በመጋቢት 2012 ነው። 15 ዓመቱ ነበር፣ 9ኛ ክፍል። የሚሠራው ሲያጣ ከሰፈር ልጆች ጋር ሐይቁ ዳር መዋል ጀመረ። ማታ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ረጥቦ ሲገባ እናቴ ዓሣ ሲያጠምድ የዋለ እየመሰላት ደስ ይላት ነበር። ለካ ደንገሉ ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚውሉት። ጫቱ እዚሁ ከተማው ዙሪያ ይበቅላል፣ ገንዘብ የሌለው ልጅም ገራባ፣ ሌላው ቅሞ የተረፈውን ቅጠል አያጣም። መጀመሪያ ጫት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የጫቱን ምርቃና የሚሰብር፣ እነሱ ጨብሲ የሚሉት መጠጥ መጣ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እሱ ሳይጠጣ የሚተኛ ልጅ አልነበረም።

በ2014 ክረምት አጎታችን ከገጠር መጣ። «ሦስት ቀን ቆልፉበት፣ ይለቀዋል» አለን። ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም ጭምር። ማታ ላይ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ አስገብተን ከውጭ ቆለፍን። በማግስቱ አጥሚት ይዤለት ገባሁ። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጥርሱና የኩባያው አፍ ይጋጫሉ፣ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አጥሚቱ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። አጎቴ በር ላይ ቆሞ «እንድትከፍቱለት እያስመሰለ ነው» አለኝ፣ እኔም አምኜ በሩን መልሼ ቆለፍኩት። ሌሊቱን ብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን አለ እያለ ሲያራግፍ አደረ። ጉንዳን አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር ዷ ብሎ ሲወድቅ ሰማን። ስንከፍት ወለሉ ላይ ይንፈራገጣል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። ጎረቤት ደርሶ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ይሞክራል፣ እናቴ ትጮኻለች፣ እኔ ባጃጅ ፍለጋ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ «ሰክሮ ነው፣ ወስዳችሁ አስተኙት» ብለው መለሱን። ሁለተኛው ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም እናቴን «ይጠጣል ወይ?» ስትላት እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ ልጄስ አይጠጣም» አለች። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ አረቄ በየቀኑ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ቆልፈንበት ነበር አልኳት። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው ትእዛዝ መስጠት ጀመረች። በኋላ ስትነግረኝ፣ ያንን ባልናገር የሚጥል በሽታ ነው ብለው ሌላ መድኃኒት ሊጀምሩለት ነበር።

እንደነገረችን ብዙ ጊዜ በየቀኑ አልኮል የለመደ አካል ባንዴ ሲከለከል መጀመሪያ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊበረታ ይችላል። ሳይታከም ይገድላል። መድኃኒቱ ግን አለ፦ ዲያዜፓም በሐኪም እየተመጠነ ለጥቂት ቀናት ይሰጥና እየተቀነሰ ይቆማል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ይህን ሰምተሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪው አደራ፣ ዲያዜፓም ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ያቆማል። ጫት ሲቆም ግን እንዲህ ያለ አደጋ የለውም። ድካም፣ እንቅልፍ፣ መነጫነጭና መከፋት ነው የሚያመጣው። ቢሆንም መከፋቱን አትናቂው፤ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።

ስለ ክኒኑ። ምን እንደሆነ በግምት አትወስኚ፣ ማሸጊያውን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ። ልጆች ዘንድ ብዙ የሚሰማው ትራማዶል ነው። ለሕመም ማስታገሻ የተሠራ ነው፤ ሲበዛ መንፈራገጥ ያመጣል፣ ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያደክማል። አንድ ማታ እንደዚያ ሆኖ ቢገባና ጠርተሽው የማይነቃ፣ ትንፋሹም የተራራቀ ከሆነ «ይተኛበት» አትበዪ። በጎኑ አስተኝተሽ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።

ሕክምናው የት ነው ላልሽው፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ልጅ ገብቶበት ድኖ የሚወጣበት አንድ የተዘጋ ግቢ አትፈልጊ። ለእኛ ሕክምናው ቀጠሮ ነበር። በአቅራቢያሽ ያለው ጤና ጣቢያ ትጀምሪያለሽ፣ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ሪፈሩ ሳይኖር ብትሄጂ ከኪስሽ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ወረቀቱን አትዝለዪው። እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም አለው። «አእምሮ» የሚለውን ቃል አትፍሪው። ሱስን የሚያክሙት እዚያው ናቸው፣ ልጅሽን አብዷል ያለው የለም።

ወንድሜ ክትትል ሲጀምር የሳይካትሪ ባለሙያው የጠየቀውን አልረሳውም። ስለ አረቄው ብዙም አልጠየቀውም። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ሳትጠጣ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛኸው መቼ ነው?» ነው ያለው። ወንድሜ ዝም ብሎ ቆይቶ አለቀሰ። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለምን ትጠጣለህ?» ስንለው የኖርነው ልጅ ለካ እንቅልፍ እየፈለገ ነበር የሚጠጣው። ጫቱ ከሰዓት በኋላ ይጀመራል፣ እንቅልፉ ይሄዳል፣ አረቄው ያስተኛዋል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ለዚያ ደግሞ መልሶ ይቅማል። ባለሙያው ክሩን የያዘው ከጫቱ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ሰዓቱን ማሳጠር፣ ቀጥሎ ቀኑን ማራራቅ። አንቺም ስትሄጂ ልጁ ብቻውን ከሐኪሙ ጋር የሚያወራበት ጊዜ እንዲሰጡት ጠይቂ፣ ካንቺ ፊት የማይናገረው አለ።

ስለ ስሙና ስለ እስሩ አትስጊ። የታካሚን ሚስጥር መጠበቅ የጤና ባለሙያ ግዴታው ነው። እኛን በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠየቀን ፖሊስ የለም። ሕጉ ይልቅ ወደ ሻጩ ነው የሚያየው፤ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እኔና እናቴ ግን ለወንድሜ ትሸጥለት ወደነበረችው ሴት አዋጅ ይዘን አልሄድንም። ቡና ይዘን ሄድን። በአረቄ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። እናቴ ልጁ ወለል ላይ እንዴት እንደወደቀ ነገረቻት፤ ሴትየዋ ጀበናውን አስቀምጣ «ከዛሬ ጀምሮ የኔም ልጅ ነው፣ በሬን አይረግጥም» አለች። ቃሏን ጠብቃለች። የሚሸጥለት ሌላ ቤት አልጠፋም፣ ግን በሰፈራችን የሚያየው አንድ ዓይን ተጨመረ።

አባቱ ስለ ጸበሉ ያለውን አታቃልዪበት፣ በእምነቱ ነው። እኛም የንስሐ አባታችንን አማክረን ነበር። «መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ አድርሱት፣ ጸበሉ የትም አይሄድም። ስትመጡም መድኃኒቱን ይዞ ይምጣ» ነበር መልሳቸው። የሚያስፈራኝ ጸበሉ አይደለም፤ ልጁ ባዶ ሆዱን፣ መድኃኒት ተከልክሎ፣ ታስሮ መንቀጥቀጡ ሲጀምረው «ሰይጣኑ ጮኸ» ተብሎ መታለፉ ነው። መጠጡ ከሰውነቱ ወጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ሲጠና ወንድሜም ተጠምቋል፣ ሰላምም አግኝቶበታል።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልጨምር። ከሕክምናው በኋላ አምስት ወር ንጹሕ ሆኖ ቆየ። መልሶ የጠጣው ኅዳር ሚካኤል ቀን ነው፣ እቤታችን፣ እናቴ ከጠመቀችው ጠላ። አክስቴ «ለበዓል አንዲት ጣሳ ምን አላት» ብላ በእጇ ሰጠችው። ያን ማታ ሳስበው፣ ልጅ ሳለ የጠላውን አተላ ስናቀምሰውና ሲንገዳገድ ስንስቅ የነበርነው እኛው ነን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለበዓል ብርዝ ነው የምታቀርበው። ዘመድ አጉረመረመ፣ ለመደው። እሱም ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ነግሮን ቀጠሮውን አስቀድመን ሄድን። ስላልጮህንበት ነው የነገረን። አሁን ሞተር ጀልባ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል፣ ማታ ሲገባ ሱሪው እንደ ድሮው ረጥቦ ነው።

ልጅሽን ዛሬ ማታ ሲገባ አትገላምጪው። አብሉት፣ ውኃ ስጡት። በምን ያህል ቀን እንደሚጠጣ፣ ሳይጠጣ የዋለ ቀን ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አስተውለሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ሐኪሙ ይህንን ነው የሚጠይቅሽ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሰኞን አትጠብቂ፣ ነገውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ካልሆነ ሰኞ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሰልፉ ስለሚረዝም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሺ፣ የመድን ደብተሩንና የክኒኑን ማሸጊያ አትርሺ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ የለኝም፣ አብሬሽ እሰለፋለሁ።