የእሁዱ ጉዞ ስኳሬን ለምን አላወረደውም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 54 ነው። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። «እንቅስቃሴ አድርግ» ስለተባልኩ ላለፉት 4 ወራት በየእሁዱ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል በፍጥነት እራመዳለሁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ ግን ከ8.4 ወደ 8.3 በመቶ ብቻ ነው የወረደው። ባለፈው እሁድ ደግሞ መንገድ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ። ስኳሬን በጣት መለኪያ ስለካው 61 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ገብቷል። ልፋቴ ከንቱ ነው? ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እንዳይተዉት። ነገር ግን አሁን በያዙት መንገድም አይቀጥሉ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሳምንቱን ሜትፎርሚን በሙሉ እሁድ ጠዋት ውጠው፣ እስከሚቀጥለው እሁድ ዝም ብለው ይቀመጣሉ? አይቀመጡም። እንቅስቃሴውን ግን እንዲያ አድርገው ነው የወሰዱት።

ጡንቻ ሲያርፍ ከደም ውስጥ ስኳር የሚያስገባው ኢንሱሊን ሲጠራው ነው። የዓይነት 2 ስኳር ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ኢንሱሊን ይጣራል፣ ጡንቻው አይሰማም። እግርዎ መራመድ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። በጡንቻው ሴል ውስጥ ግሉት 4 የሚባል ስኳር ተሸካሚ ፕሮቲን አለ። ጡንቻው ሲሠራ ይህ ፕሮቲን የኢንሱሊንን ጥሪ ሳይጠብቅ ወደ ሴሉ ሽፋን ይወጣና ስኳሩን ያስገባል። በሽታው ያደነቆረው ጡንቻ በራሱ ረሃብ ይነሳል ማለት ነው። እኔ ይህን ነገር ለታካሚ ሳስረዳ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከእንቅስቃሴው በኋላም ሥራው ይቀጥላል። ጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር ስላወጣ ጎተራውን መሙላት ይፈልጋል፤ ለኢንሱሊንም የተሻለ ጆሮ ይሰጣል። ይህ ጥቅም ግን የሚቆየው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ነው። የእሁዱ ጉዞዎ ቢበዛ ረቡዕ ላይ አለቀ። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ባዶ ናቸው። ለዚህ ነው የስኳር ሕሙማን ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ ያለ እንቅስቃሴ እንዳይቆዩ የሚመከረው።

ለአብዛኛው ዐዋቂ የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እርስዎ 120 እየሠሩ ነው። ብዙም አልራቁም! በእኔ ግምት የጎደለው ልፋቱ ሳይሆን ክፍፍሉ ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ያድርጉት። 30 ደቂቃ በአንዴ ካልተገኘ በ10 በ10 ደቂቃ ይሸንሽኑት። ከምግብ በኋላ ያለው 10 ወይም 15 ደቂቃ በተለይ ጥሩ ነው፤ ስኳሩ ሽቅብ ሊወጣ ሲል ይይዘዋል። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ ልክ ነው።

በደንብ ከተያዘ ምን ያህል ይጠቅማል? በጥናቶች ላይ መደበኛ እንቅስቃሴ የሦስት ወሩን አማካይ በግምት ከ0.6 እስከ 0.7 ነጥብ ያወርዳል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ አንዳንድ ክኒን የሚያወርደው ያንኑ ያህል ነው። ደግሞ ክብደት ባይቀንስም ይሠራል። ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለኝ ብለው ጫማቸውን የሰቀሉ ስንቶቹን አይቻለሁ! ሚዛኑን ይተዉት። የደም ግፊትና የደም ቅባትም ይሻሻላሉ፣ ልብም ይጠነክራል።

አሁን ወደ 61 እንምጣ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እንዲህ የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ደም ውስጥ ስኳር ይኑር አይኑር ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጪ» እያለ ይገፋል። በዚያ ላይ የሁለት ሰዓት ጉዞ ሲጨመር ስኳሩ ከሁለት በኩል ተሳበ። ቁርስ ሳይበሉ ወጥተው እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ እጠረጥራለሁ። ይህን ቁጥር ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። እንቅስቃሴዎ ሲጨምር የክኒኑ መጠን መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። በራስዎ ግን እንዳይነኩት።

እስከዚያው ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ። ከ90 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ሳይቀምሱ አይውጡ። መንገድ ላይ ከተንቀጠቀጡ ወይም ላብ ላብ ካለዎ ወዲያው ይቁሙ። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልጨርሰው» የሚባል ነገር የለም። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ግራም ገደማ ይሆናል። 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅባቸው ይችላል፤ ላቡን ይጠብቁ።

ኢንሱሊን ለሚወጉ አንባቢዎችም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሊሮጡበት ባለው እግር ላይ አይውጉ፣ መድኃኒቱ ቶሎ ይሰራጫል። ከሰዓት ወይም ማታ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ካደረጉ ስኳሩ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከመተኛትዎ በፊት ይለኩ። ዓይነት 1 ያላቸው ሰዎች ስኳራቸው ከ250 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ አቃጥሎ የሚያመነጨው አሲድ) ይመርመሩ፤ ኪቶን ካለ የዚያን ቀን እንቅስቃሴ ይቅር። ደግሞ በሙሉ ኃይል ከሮጡ በኋላ ስኳር ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ አድሬናሊን ጉበትን ስኳር አስወጥቶት ነው።

እግርዎን አደራ። አንድ ታካሚዬ ቀኑን ሙሉ ጫማው ውስጥ ከገባች ቁልፍ ጋር ዋለ። የሸሚዝ ቁልፍ ናት። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር ምንም አልተሰማውም። ማታ ካልሲው በደም ተጣብቆ ሲያየው ነው ያወቀው፤ ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። ስለዚህ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት እጅዎን ወደ ውስጥ ከትተው ይዳስሱ። ሲመለሱ ውስጥ እግርዎንና በእግር ጣቶችዎ መካከል ያለውን ይዩ፤ ማየት ካስቸገረ መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ።

ዓይንዎንም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ካላስመረመሩ ያስመርምሩ። መራመዱ ችግር የለውም። ነገር ግን ሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች በቅለው ከሆነ፣ መዝለልና ከባድ ነገር ማንሳት ሊያደማቸው ይችላል። ሲራመዱ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ወዲያው ያቁሙ። ካልለቀቀዎ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ቢለቅዎም ሳይታዩ ዳግም አይውጡ።

አዲሱን ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ አማካዩን ለመለካት 3 ወር ይታገሡ። ምርመራው በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚያየው፤ በወሩ ቢለኩት ግማሹ የድሮ ታሪክ ነው። የእሁዱን ረጅም ጉዞ ከወደዱት አይተዉት፤ ሐኪምዎ መድኃኒቱን ካየው በኋላ ከሌሎቹ ቀናት ጋር ይደርቡት። ቁርስ በልተው፣ መለኪያውንና ጥቂት ስኳር በኪስዎ ይዘው ይውጡ።