እቁቡ ደርሷል፤ እድሩስ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ኑሮው ተሟልቶ ልቡ ስላልሞላ ሰው። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ ነኝ። ትዳርና ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኛል፣ መኪናም ገዝቻለሁ። ሰው «ተመስገን በል» ይለኛል፤ እላለሁም። ግን በሰው ልብስ የምዞር ይመስለኛል። «እሴትህን እወቅ» የሚል ምክር ሰልችቶኛል። እንዴት ነው የሚታወቀው?

መልስ፦ አንድ ነገር አስቀድመን እናጣራ። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ፣ ድሮ ደስ ይሉዎት የነበሩ ነገሮች ሁሉ ጣዕም ካጡ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ ከተዛባ፣ ወይም ሞትን ማሰብ ከጀመሩ፣ ጉዳዩ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይቅደም። አማኑኤልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች መታየት ይችላሉ። ድብርት የያዘው ሰው ራሱን ሲመረምር የሚያገኘው ጥፋቱን ብቻ ነው።

ሕመም ካልሆነ ግን የገለጹት ነገር ግብና እሴት ሲምታቱ የሚመጣ ነው። ግብ እንደ እቁብ ነው፤ ይደርሳል፣ ይበላል፣ ያልቃል። እሴት እንደ እድር ነው፤ በሕይወት እስካሉ በየወሩ ይከፈላል፣ «ጨረስኩ» አይባልም። ኮንዶሚኒየሙ ደረሰ፤ አለቀ። «ልጆቼ ሲያድጉ አጠገባቸው መሆን» ግን ዛሬም ነገም የሚከፈል መዋጮ ነው። እርስዎ እቁቡን ሁሉ በልተው የየትኛው እድር አባል እንደሆኑ ያላወቁ ይመስላል።

ሙያዎ ሒሳብ ነውና ከሚያውቁት ይጀምሩ። ያለፉትን 30 ቀናት የባንክና የቴሌብር ዝርዝር ያውጡ፤ ከቤት ክፍያ፣ ከቀለብና ከትምህርት ቤት ክፍያ ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ወጪ «ለማን?» በሚል አምድ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ሰዓት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን 8 ሰዓት ቢተኙ 56፣ ሥራ 48፣ መንገድ 12 ቢወስድብዎ፣ የሚተርፈው 52 ሰዓት ነው። ለ7 ቀናት ማታ ማታ 5 ደቂቃ ወስደው እነዚህ ሰዓታት የት እንደገቡ ይመዝግቡ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ግን በራስዎ ላይ አይፍረዱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ እየመዘገበ መፍረድ ሲጀምር መዝገቡን ያሳምራል፣ በስልክ ያለቀችው ሁለት ሰዓት «ዕረፍት» ተብላ ትገባለች። ቆጠራ የሚያሳምር ንብረት ክፍል ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ ይምጡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልተን ሮኪች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ለሰዎች 18 18 እሴት የያዙ ሁለት ዝርዝሮች ሰጥቶ በደረጃ ያስደረድራቸው ነበር። ቁም ነገሩ ማስደርደሩ ላይ ነው፤ ምልክት አድርግ ብቻ ቢባል ሁሉም ሰው «ቤተሰብ፣ እምነት፣ ሐቀኝነት» ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ሻሎም ሽዋርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 አሥር የእሴት ዓይነቶችን በክብ አስቀምጦ፣ ጎረቤታሞቹ የሚስማሙ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት የሚጋጩ መሆናቸውን አሳይቷል። ለምሳሌ ዋስትናን አጥብቆ መያዝና በራስ ሐሳብ መመራት አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ እሴት የሚገልጹ 20 ቃላት በ20 ብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፤ «በጣም»፣ «መካከለኛ»፣ «ብዙም አይደለም» በሚሉ ሦስት ክምሮች ይለዩ፤ ከመጀመሪያው ክምር 5 ብቻ ያስቀሩ። አምስቱን ሁለት ሁለት አድርገው ያጋጥሙ፤ 10 ጥንዶች ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ጥያቄው «ቅዳሜ ከሰዓት አንዱን ብቻ ማድረግ ብችል?» የሚል ይሁን። «የቱን የበለጠ አከብራለሁ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ስብከት ይሆናል።

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ፤ ይሉኝታ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድን ነገር ኀፍረትንና ጥፋተኝነትን ሽሽት ማድረግና አምኖበት ማድረግ፣ ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በሰውየው ውስጥ የሚተዉት ነገር የተለያየ መሆኑን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ባሕር ማዶ ረጅም ማብራሪያ የጠየቀው ነገር በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል አለው። በአምስቱ ላይ ይህን ይጠይቁ፦ «ማንም ባያይልኝ፣ ማንም ባያመሰግነኝ አደርገዋለሁ?» አንዱ ቃል እዚህ ከወደቀ አይደንግጡ። ደግሞም ከወላጅ የመጣ ሁሉ የሰው ነው ብለው አይጣሉት፤ አባትዎ ያስተማሩዎትን ሐቀኝነት ተቀብለው የራስዎ ካደረጉት የእርስዎ ነው።

በመጨረሻ በመዝገቡና በአምስቱ ቃላት መካከል ልዩነቱ የሰፋበትን አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡ። «ልጆቼ» አንደኛ ወጥቶ ከ52ቱ ሰዓት 3 ብቻ ካገኘ፣ ሥራ መልቀቅ መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ትልቅ ውሳኔ በመጀመሪያው ወር የሚመጣው ከእሴት ሳይሆን ከምሬት ነው፤ ቢያንስ 3 ወር ያቆዩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ቀላል ዘዴ አለ፤ ሐሳብን «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ መጻፍ። «ከልጆቼ ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፋለሁ» አይሠራም። «ማክሰኞና ሐሙስ እራት ከተነሣ በኋላ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ 25 ደቂቃ ከትንሿ ጋር አነባለሁ» ይሠራል። ለ14 ቀናት ይሞክሩት። አራቱ ማታዎች ውስጥ ሁለቱ ከቀሩ ሰዓቱን ይቀይሩ እንጂ ራስዎን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ ራሴን ለማወቅ ብዬ ማታ ማታ ማስታወሻ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። አንዳንዴ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት የነበረኝ ሰላም እንኳ ጠፋ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ራስን መመርመርና መብሰልሰል ይለያያሉ። መብሰልሰል ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ማላመጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣውም «ለምን?» ከሚለው ነው፦ ለምን እንዲህ ሆንኩ፣ ለምን ተናገርኩ። የቅርብ ጊዜ ደብተርዎን ይግለጡና «ለምን» የሚሉትን ያስምሩ። በአንድ ገጽ ከአንድ ወይም ከሁለት ከበለጡ ጥፋቱን አግኝተዋል። «ለምን»ን በ«ምን»ና በ«መቼ» ይተኩ፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ መቼ ነው የሚብሰው፣ ነገ ምን ላድርግ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ተሳታፊዎቹ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው የጻፉት በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት ብቻ ነበር። ስድስት ወር አይደለም። ጽፎ እንደጨረሱ ወዲያው ስሜት መክበዱ የተለመደ ነው፤ ማግሥቱን ይዞ መዋሉ ግን ማቆሚያ ምልክት ነው። ስለዚህ የስልክ ደወል 15 ደቂቃ ላይ ይሙሉ፤ አልጋ ላይ አይጻፉ፤ ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ይበል። ነገሩ በጣም ከቀረበዎ ስለ ራስዎ በስምዎ ይጻፉ፦ «አልማዝ ዛሬ ስብሰባው ላይ ዝም አለች፤ ምን ፈርታ ነበር?» እንደ ማለት። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያዩ ያህል ርቀት ይሰጣል። የመጨረሻዋ መስመር ሁልጊዜ የነገ አንድ ትንሽ ሥራ ትሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ደመወዜ 1,200 ሪያል ነው። 1,000 ለቤተሰቤ እልካለሁ። ቤተሰቤን መርዳት ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፣ ግን ተመልሼ ልብስ ስፌት መማርም እፈልጋለሁ። ይህን ሳስብ ክፉ ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ ክፉ አይደለሽም። ያንቺ ጭንቀት አንድ እሴት ሌላውን ሲበላ ነው እንጂ አንዱ ጥሩ ሌላው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እሴት ማለት ሁሉን መስጠት ሳይሆን ሳያቋርጡ መስጠት ነው። ባዶ እጅሽን ብትመለሺ የሚረዳሽ ያው ቤተሰብ ነው።

በአንድ ጊዜ አትቁረጪ። ከሁለት ወር በፊት ተናገሪ፤ ከዚያ በየሁለት ወሩ 100 እየቀነስሽ 700 ላይ አቁሚ። 300 ለትምህርትሽ፣ 200 ላንቺ። ስልክ ላይ ረጅም ማብራሪያ አትስጪ፤ ማብራሪያ በበዛ ቁጥር ክርክር ይበዛል። «እማዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ 900 እልካለሁ፤ የቀረው የምማርበት ነው። መላክ አላቆምም» ማለት ይበቃል። ለቅሶና ሕመም ሲገጥም ከምን እንደምትሰጪ ቀድመሽ ወስኚ፤ ካልወሰንሽ ከትምህርቱ ላይ ይወሰዳል። ቁጠባውን ደግሞ ለወንድም «አስቀምጥልኝ» ብለሽ አትላኪ፤ ተንኮል ባይኖርበት እንኳ ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ የቤት ጣሪያ ይሆናል። በራስሽ ስም ሒሳብ ይኑርሽ።

ጥያቄ፦ ስለ ራስ እንዲህ ማሰብ ራስ ወዳድነት አይሆንም? እኔ በእምነት ያደግሁ ሰው ነኝ።

መልስ፦ ንስሐ የሚገባ ሰው ራሱን ሳይመረምር አይገባም፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ከራስ ጋር ሒሳብ መተሳሰብን «ሙሐሰባ» ይሉታል። ጊዜ ከፈለጉ ጳጉሜን ይጠቀሙባት፤ አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። በመጀመሪያው ቀን የዓመቱን ወጪ፣ በሁለተኛው የሰዓቱን፣ በሦስተኛው አምስቱን ቃላት፣ በአራተኛው ይቅርታ የሚጠይቁትን አንድ ሰው፣ በአምስተኛው የመስከረምን አንድ ሥራ ይጻፉ። ስድስተኛዋ ከመጣች ይተኙባት።