ችግኙ ሲደርቅ፣ ልብም ሲዝል፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ ከወጣት ማኅበራትና ለአየር ንብረት ጉዳይ በግላቸው ከሚደክሙ ሰዎች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ስለ ስሜት ይጠይቃሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ሥራው አደራረግ ነው የመለስነው፤ ዝለቱ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

«በየክረምቱ እንተክላለን፣ በየበጋው ይደርቃል። አባላቱ ‹ምን ዋጋ አለው› እያሉ እየቀሩ ነው። ሞራላቸውን እንዴት እናነሣሣ?» (ከደብረ ብርሃን)

ሞራሉን ለጊዜው ተዉትና ችግኙን እንይ። ሰው የተከለው ሲደርቅበት፣ ለምን እንደደረቀ የሚነግረውም ሲያጣ፣ ቢቀር አይፈረድበትም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቁጥር ማውራት ለምደናል፤ በየክበቡ መዝገብ ላይ ግን የሚገኘው የተተከለው ቁጥር ነው። የጽድቀት መጠኑን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለመጪው ክረምት ቁጥሩን ቀንሱ። 30 አባላት ካላችሁ 600 ችግኝ ይበቃችኋል፤ ለአንድ ሰው 20 ማለት ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ይቆፈር፤ 40 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 40 ሳ.ሜ. ጥልቀት። የላዩ አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል ይቀመጥ፤ ሲሞላ የላዩ አፈር ቀድሞ ሥሩ ዘንድ ይገባል። ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ በሐምሌ ይሁን፤ ከነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ሥሩ ሳይይዝ ዝናቡ ይወጣል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ይቆረጥ፤ የተጠማዘዘ ሥር ዛፉን ሁለት ሦስት ዓመት አኑሮ ይጥለዋል። ይህን የሚዘሉት ተከላውን በአንድ ጠዋት ለመጨረስ የሚጣደፉ ናቸው፤ በዘመቻ ቀን የሚተከል ችግኝ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቆጠራ በጥቅምት፣ ሁለተኛው በግንቦት። ሁሉን መቁጠር አያስፈልግም፤ ከአሥር ረድፍ አንዱን ውሰዱና ውጤቱን በአሥር አባዙ። የደረቀ ችግኝ ስታገኙ ለምን እንደደረቀ ጻፉ። ጫፉ የተቀነጠበ ከሆነ ፍየል ወይም በግ ነው። ለጋ ቅጠሉ ጠቁሮ የተቃጠለ ከመሰለ ውርጭ ነው፤ በደብረ ብርሃን ሜዳ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ወደ ረባዳው ስለሚወርድ፣ ከዳገቱ ይልቅ ረባዳው ላይ ያለው ቀድሞ ይመታል። ቢጫ ሆኖ ሥሩ የሸተተ ከሆነ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ውሃ ተኝቶበታል። ነቅላችሁ ሥሩ እንደ ተጠቀለለ ከወጣ ጥፋቱ የተካዩ ነው። ለውርጭ ከጥቅምት እስከ ጥር ከሣር የተሠራ ጥላ በምሥራቅ በኩል ይቁም፤ የጠዋት ፀሐይ በረዶ የያዘውን ቅጠል ድንገት ስትመታው ጉዳቱ ይብሳልና። ለመረሬው ችግኙ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል። ለከብቱ ግን አጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከመንደሩ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል።

የግንቦቱ ቆጠራ ከ600ው 380 ጸድቋል ካለ፣ ያንን በስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቀረውም 220 በምን በምን እንደሞተ አብሮ ይነበብ። «ፍየል ነው፣ 140ው በፍየል ነው» የተባለ ጉባኤ በሚቀጥለው ሳምንት ከፍየሎቹ ባለቤቶች ጋር ቡና ይጠጣል። «ደረቀ» ብቻ የተባለ ጉባኤ ይበተናል።

«በልግ ከቀረብን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ስልኬን ይዤ ስለ አየር ንብረት ሳነብ አድራለሁ፤ ቀን ደግሞ አባቴን አይቼ አለቅሳለሁ። እየታመምኩ ነው ወይስ ልቤ ዝሎ ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

እህታችን፣ በልግ ለመንዝ ደጋ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ገብሱ የሚጠብቀው የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ሲቀር ማዘን የጤነኛ ሰው ነገር ነው። ብቻሽንም አይደለሽም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት ከ10 አገሮች ከተጠየቁ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 10,000 ወጣቶች 59 በመቶው ስለ አየር ንብረት ለውጥ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚሰጉ ተናግረዋል። ልዩነቱ፣ ያንቺ ስጋት ከጓሮ የሚጀምር መሆኑ ነው።

ስልኩን ከአልጋሽ አርቀሽ በሌላ ክፍል፣ ሌላ ክፍል ከሌለም በመሶብ ውስጥ አሳድሪው። ዜና በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በፊት፣ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ። ሌሊት ነቅተሽ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሽና ቁጭ በይ። አየር በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ፤ አምስት ደቂቃ ያህል። የማስወጫው ረዘም ማለት ልብ ምትን ያረጋጋል። ሲያንቀላፋሽ ብቻ ተመለሽ።

ቀን ደግሞ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈይ። በአንዱ በኩል «በእጃችን ያለ»፣ በሌላው «ከእጃችን ውጭ»። የዓለም ሙቀት በሁለተኛው ይግባ። በመጀመሪያው የሚገባ ግን አለ፦ በልግ ሲቀር ሁሉም በጉን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃልና የሚሸጥ በግ ካለ ቀድሞ መሸጥ፤ ለመኸር ቶሎ የሚደርስ የገብስ ዘር ይኖር እንደሆነ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አሁን መጠየቅ፤ ያለውን ገለባ በሳር ቤት ስር አድርጎ ከሻጋታ መጠበቅ። ከሦስቱ አንዱን ከአባትሽ ጋር ሥሪ። አብረሽው ስታለቅሺ ከምታሳልፊው ቀን ይህ ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ግን ይህን ልብ በይ፤ ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ የወትሮ ሥራሽን መሥራት ካቃተሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ። ጠበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፤ የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ጠበል ጀመርኩ ብለሽ አታቋርጪ።

«በማኅበራችን ሁሉን የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን። ሌሎቹ ለፎቶ ቀን ብቻ ይመጣሉ። ተጣልተናል፣ በቴሌግራም ተሰዳድበናል። ልተወው?» (ከደብረ ሲና)

ከመተውህ በፊት አንድ ወር ሞክር። በመጀመሪያ ሥራዎቹን በዝርዝር ጻፉ፤ ከችግኝ ጣቢያ ጋር የሚነጋገር፣ ዶማና አካፋ የሚያስቀምጥ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የቀረ አባል የሚጠይቅ፣ ፎቶ የሚያነሣ (እሱም ሥራ ነው)፣ ከቀበሌ ጋር የሚገናኝ። ለሁሉም ተተኪ ይኑረው፤ አንድ ሰው ከሁለት በላይ አይያዝ፤ በየሦስት ወሩ ይዙር። ብዙ ጊዜ «ሌሎቹ አይሠሩም» የሚባለው ሁለቱ ሰዎች ሥራውን በጭንቅላታቸው ይዘው ለማንም ስላልነገሩ ነው። ይህ ላይመችህ ይችላል።

ስብሰባው ከ90 ደቂቃ አይብለጥ። አቦሉ እስኪወርድ ድረስ ለሁሉም አንዳንድ ደቂቃ ይሰጥ፤ እንዴት እንደ ሰነበተ ይናገር፣ ማንም አያቋርጠው፣ ማንም አይምከረው። አጀንዳው ከዚያ ይከተላል። መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ለ«ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ» ይቆይ፤ ያልተጻፈ ቃል አይቆጠር።

ጠብ ሲነሣ በቴሌግራም መመለስ ክልክል ይሁን። የተጣሉት ሁለቱ በሦስት ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኙ፤ ካልሆነ ሁለቱም የተስማሙበት ሽማግሌ ይግባ፤ ከታረቁ በኋላ ያንኑ መልሶ ያነሣ ይቀጣ። ቅጣቱ የእድር ያህል ትንሽ ይሁን፤ የሚከብደው ገንዘቡ አይደለም፣ በጉባኤ ፊት መክፈሉ ነው። በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ሌላው አንድ አንቀጽ ደግሞ የእረፍት ይሁን። አንድ አባል ያለ ቅጣት አንድ ወቅት ሙሉ ፈቃድ ሊወስድ ይችላል። ይህ አንቀጽ በሌለበት ማኅበር የደከመው ሰው ያለው ምርጫ ለዘለቄታው መውጣት ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ተጠብቆ የኖረው ማን መቼ እንደሚያጭድ፣ ሜዳው ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ፣ ደንብ ያፈረሰ ምን እንደሚደርስበት በግልጽ ስለታወቀ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆመበትን የመሬት ይዞታ ሲያፈርሰው ጥበቃውም ተናጋ፤ ኋላ ላይ ነዋሪው በአዲስ መልክ ጠባቂነቱን መልሶ ያዘ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ።

«የከለልነው ተራራ ተቃጠለ። አንዳንዶቹ ልጆች ከዚያ ወዲህ አይናገሩም።» (ከመንዝ፣ ከአንድ መምህር)

እንደ ሐዘን ቁጠሩት፤ ሐዘን ደግሞ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ተሰብሰቡ፣ ንፍሮና ቡና ይቅረብ፣ እያንዳንዱ እሳቱ ሲነሣ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ ይናገር። መናገር ያልፈለገ አይገደድ፤ መቀመጡ ይበቃዋል። «አይዞህ፣ ሌላ ይበቅላል» የሚለው ማጽናኛ በዚያ ቀን አይነገር።

ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹን ይዛችሁ ወደ ቦታው ውጡ፤ ግን ለመትከል አይደለም። ምን እንደሚመለስ ለማየት ነው። አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከመሬት በታች ካለው ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የጓሳ ሣርም ከሥሩ ይመለሳል። ጽድ ግን ከተቃጠለ ጉቶ አያቆጠቁጥም፣ ከዘር ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት የሚያስፈልገው ከከብት መጠበቅ ነው፤ ለጋ ቡቃያ ከተጋጠ ጉቶው ያለውን ኃይል ጨርሶ ይሞታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አራት ቦታ በድንጋይ ከልላችሁ፣ በየወሩ ምን እንደበቀለ ተማሪዎቹ በደብተር ይሳሉ። ጽድ የሚተከለው ከዚያ በኋላ፣ ራሱ ባልተመለሰበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«ከሰል አክሳዮቹን ስንከለክል ‹የወፍ ጠበቃ› እያሉ ይሰድቡናል። አንዱ ጓደኛችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰፈር መሄድ ፈርቷል።» (ከአንኮበር)

ወፍ ዋሻ ደን ዳር የሚኖር ሰው ጽዱ ወይም ዝግባው ምን እንደሚያወጣ ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ የቸገረው ግን የዛሬው እራት ነው። ስለዚህ ባዶ እጅ አትሂዱ። በየመንደሩ «ምርጥ» የተባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ይታይ፤ ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። እናቶች ሲጋገር በዓይናቸው ካዩ ክርክሩ ያጥራል። ስትሄዱ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ቀድሞ ተናግሮላችሁ ይሁን፤ በገበያ ቀንም አትሂዱ፣ ጭነቱ ጀርባው ላይ ያለ ሰው አይሰማም። የፈራውን ጓደኛችሁን በመጀመሪያ ከሩቅ ባለ ሰፈር፣ ከዚያ ቀረብ ባለ፣ ሁልጊዜም ከሌላ ሰው ጋር ላኩት። ጨርሶ ከቀረ ፍርሃቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ስድቡ ወደ ዛቻ ከተሻገረ ግን ጀግንነት አያስፈልግም፤ ለቀበሌ ይነገር፣ ጉዞውም ይቁም።

«የዓለምን ጭስ የሚያጨሱት ሌሎች ናቸው። እኛ ለምን እንቃጠላለን?» (ከሸዋ ሮቢት)

ንዴትዎ ልክ ነው፤ አፍሪካ በሙሉ ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ ከሚወጣው የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚያጨሱት እንዲቀንሱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለመንግሥታትም የሚነገርበት መድረክ አለ። የሮቢ ወንዝ ዳር እርከን መሥራት ግን ለእነሱ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ጎርፉ የሚወስደው የእርስዎን ሽንኩርት ነው።

«አባሎቻችን ተበታትነዋል፤ መንገድ ሲዘጋ መሰብሰብም አንችልም። ማኅበሩ ሞተ ማለት ነው?» (ከዓለም ከተማ)

አልሞተም። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተመዳደቡ፤ ከሦስቱ አንዱ በተራ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ ማታ፣ ለሁለቱ ይደውላል። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ጤናህ እንዴት ነው፣ ምን ቸገረህ? ስለ ችግኝ ማውራት አያስፈልግም። ኔትወርክ የሚቆራረጥ ከሆነ አጭር መልእክት ይበቃል። ደዋዩ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ካላገኘው፣ በቅርብ ላለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ደውሎ ይጠይቅ። የጎረቤቱን ቁጥር አሁኑኑ፣ ስልኩ ሳይዘጋ ተቀበሉ።